ስለ ክህነት ቆመው የተሟገቱት ሽማግሌዎች

ልጄን ሊጠይቁ የመጡትን ሁለት ሽማግሌዎች ባስታወስኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ለብቻዬ መንገድ ስሄድ እንኳ ይመጣብኛል፤ ያኔ የደባርቅ ሰው ጃጀ እንዳይለኝ ጋቢዬን ወደ አፌ ሳብ አደርጋለሁ። ነገሩ ሲጀመር ግን የሚያስቅ አልነበረም። 

እኔ ዕድሜዬን ከበቅሎ ኋላ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስሜንን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ ጭኜ ከቡይት ራስ ወደ ጊች፣ ከጊች ወደ ቡይት ራስ ስመላለስ ኖርኩ፤ ጉልበቴ ሲደክም በቅሎዎቹን ሸጬ ቤቴ ገባሁ። ትምህርት ብዙም የለኝም፤ ፊደል የለየሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የእነዚያን ሰዎች ክርክር የምጽፈው እንደ ሰማሁት ነው። የተዛባ ቢኖር ጥፋቱ የእኔ ጆሮ እንጂ የእነሱ አፍ አይደለም።

ልጄ ጡት ሳትጥል እናቷ አረፈች። ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቆብ ደፍታ መንኩሳለች፤ ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ይላታል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እቴ ነው የምላት። ቅዳሴ ቀድሟት የሚገባ የለም፤ በነገርም ቢሆን ቀድሟት የተናገረ አላየሁም።

ልጄ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። አንድ ቀን በሊማሊሞ መንገድ ጥገና ላይ ግሬደር የሚነዳ ሰው ሱሪው ተቀዶበት ገባ። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ተቀዶ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሸሚዝ። እኔ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ አየው ነበርና፣ «ይህ ልጅ ግሬደሩን ነው የሚነዳው ወይስ ግሬደሩ እሱን?» አልኳት። ልጄ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ አገሩ ወላይታ ነው። ጣጣው ሃይማኖቱ ላይ ነበር። አባቱ ፕሮቴስታንት፣ እናቱ ካቶሊክ ናቸው። ሕፃን ሳለ እሑድ ጠዋት ከእናቱ ጋር ቅዳሴ፣ ከሰዓት በኋላ ከአባቱ ጋር መዝሙር ይሄድ እንደነበር ለልጄ ነግሯታል። እህቴ ይህን ስትሰማ መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «አንዱን ዓይነት ብታመጪብኝ እንኳ አልችለው፤ አንቺ ሁለቱን ባንድ ጊዜ?» አለቻት።

ልጄ አልተከራከረችም። «እማሆይ ካልመረቁኝ አልሄድም። ሌላም አላገባም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዝም አለ። ሠላሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በትንሽ በትልቁ የምትስቅ ፍጥረት ነበረች፣ ያ ሳቅ ሲቀር ጣራው ዝቅ ያለብን መሰለኝ። እኔ አባቷ ነኝ፤ እሺ ማለት እችል ነበር። የእኔ እሺታ ያለ እህቴ ምርቃት ለልጄ ምን ያደርግላታል? ያሳደጋት እጅ የእህቴ ነው።

ሽማግሌ እንዳይመጣ መከልከል ነውር ስለሆነ ይምጡ ተባለ። እኔም «እቴ፣ ከወገን ሁለት ሦስት ሰው እንጥራ እንጂ» አልኳት።

«እምቢ ለማለት ሁለት ሰው ይበቃል» አለችኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው አይቀመጥም። ቁጭ በሉ ብትለው «ጉዳያችን ሳይያዝ አንቀመጥም» ይልሃል። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ ባለቤቶቹ ከተቀበሉት «እንግዲህ ተቀመጡ» ይባላል፣ ካልተቀበሉት እንደ ቆመ ይወጣል። ስለዚህ እህቴ ያን ጠዋት መደቡን ራሷ ያዘችው። ሁለቱን የእንግዳ መቀመጫ ዱካ ግን ወስዳ ከግድግዳው ሥር አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ካለችው ክፍል ገባች። እኔ ደጅ ወጥቼ ጠበቅሁ።

የሚመጡት የልጁ አባት ታላቅ ወንድምና የእናቱ ወንድም እንደሆኑ አውቃለሁ። አንዱ ወንጌላዊ፣ ሌላው የካቶሊክ ቄስ መሆናቸውም ተነግሮኛል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን መች አየሁና። በአጥሩ በር የገቡት ፊተኛው ሰው ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ፣ ዘንግ የያዙ ናቸው። ጢምና ጋቢ ባንድ ላይ ሳይ ወገቤ ሳልነግረው ይታጠፋል፤ ዕድሜ ልኬን እንዲያ ነው የለመድኩ። ዝቅ ብዬ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «የለም፣ የለም። እኔ የምፈታው ነገር የለኝም ወንድሜ። የሚፈታ አንድ ጌታ ብቻ ነው።»

ከኋላቸው ባለ ዚፕ ጃኬት የለበሱ፣ የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው የሳቡ አጭር ሰውዬ ብቅ አሉ። «እግዚአብሔር ይፍታዎት» አሉኝ። «አባው እኔ ነኝ። እሱ ጋቢ ስለለበሰ ነው የተሳሳቱት። ጋቢውን ራሱ ትናንት አውቶቡሱ ዳባት ሲቆም የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ።»

«ይኸው» አሉ ወንጌላዊው ወደ ጓደኛቸው ዞረው። «የሰው ደጃፍ ሳንረግጥ መፍታት ጀመርክ።»

«ሰውዬው ይፍቱኝ አሉ። ዝም ብዬ ልያቸው?»

«ራስዎ ወደ ጌታ ይጸልዩ በላቸው። በመሀል አንተ ምን ትሠራለህ?»

«የተላክሁትን።»

«ማን ላከህ?»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ይህን ሲጠይቀኝ ነው የመጣው። ሹፌሩ እንኳ መልሱን በቃሉ ይዞታል።»

እያወሩ ገቡ። እህቴ የ«ይፍቱኝ»ዋን ነገር በመስኮት ሰምታ ኖሮ፣ ዓይኗ እኔን ሊያቃጥለኝ ደረሰ። እንግዶቹ ከቤቱ መሀል ቆሙ፤ እኔም እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና አጠገባቸው ቆምኩ። ወንጌላዊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እማሆይ፣ ዛሬ ወደ ቤትዎ ያመጣን ጉዳይ...»

እህቴ ቀና አለች። ከንፈሯ ላይ ያለችውን «እምቢ» አየኋት፤ ቃሊቱ ልትወጣ እግሯን አንስታለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ «አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀረ። ካህን ካልፈታው ሰው ኃጢአቱን ለማን ይናገራል?»

ወንጌላዊው የጀመሩትን ትተው በደስታ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩ ጠየቁ። ለጌታ ይናገራል። ያመነ ሁሉ ካህን ነው፤ እርስዎም ካህን ነዎት።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ከመደቡ ላይ እህቴ፣ «እሱ? በቅሎ ሲሳደብ ያረጀው?» አለች።

እምቢ ልትል የተዘጋጀች ሴት ሌላ ቃል ከአፏ ሲወጣ በማየቴ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነ። ያኔ መላውን አገኘሁት። ክርክሩ እስካልቆመ ድረስ እምቢታው አይመጣም። እሳቱን እየቆሰቆስኩ መቆየት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።

አባ ቆባቸውን ከቅንድባቸው ገፋ አደረጉ። «ሁሉ ካህን ከሆነ ሁሉ ሐኪም ይሁን። ጌታ ሥልጣኑን ለሐዋርያት ሰጠ፤ እነሱም እጃቸውን ጭነው ለተከታዮቻቸው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እኛ ዘንድ ደረሰ።»

«እንደ ዱላ ቅብብል» አሉ ወንጌላዊው። «የት ተጽፏል? መጽሐፉን ክፈትና ከሐዋርያት እስከ አንተ ድረስ ያለውን ሩጫ አሳየኝ።»

«መጽሐፉንስ ማን ሰበሰበው? ተጠርዞ ከሰማይ ወረደልህ? ይህ ይግባ ይህ ይውጣ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ናት።»

«ፖስተኛ ደብዳቤ ስላደረሰ የደብዳቤው ጌታ ይሆናል?»

«ፖስተኛውን ካላመንከው ደብዳቤው ከማን እንደመጣ በምን ታውቃለህ?»

እነሱ ዓመታት ያሹት ነገር ስለሆነ አይደናቀፉም፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይቀበላል። እኔ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ ሳይ አንገቴ ደከመ። ሁለቱም እውነት መሰሉኝ፤ ይህን ብነግራቸው ሁለቱም እንደሚቆጡኝ ግን ገብቶኛል። እህቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁና፣ «እኔ ደግሞ» አልኩ፣ «ካርታውን ብቻ አምኖ፣ መሪ አልፈልግም ብሎ፣ ከጊች በታች ገደል አፍ ላይ የደረሰ ፈረንጅ አውቃለሁ።»

«አየህ?» አሉ አባ።

«መሪውን ብቻ አምነው ካርታውን ጓዝ ውስጥ የቀበሩም ነበሩ። መሪው በጉም ተሳስቶ ቀኑን ሙሉ ባንድ ቋጥኝ ዙሪያ አዞራቸው።»

«አየህ?» አሉ ወንጌላዊው።

«እና ማን አወጣቸው?» አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«በቅሎዋ ናታ። ገብስ የሚሰጣት ቤት ጊች ነበር፤ እሷን ተከትለው ገቡ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትስቃለች። ከስንት ሳምንት በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው። እህቴም ሰምታዋለች፤ ወደ መጋረጃው ዞር ብላ አየችና መቁጠሪያዋን በጣቷ ማዞር ጀመረች።

«ቆይ» አለች ከዚያ። «አንቱ መጽሐፍ ብቻ የሚሉት። መጽሐፍዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ ስድስት ነው እማሆይ።»

«የአንቱስ?»

«ሰባ ሦስት» አሉ አባ፣ በሰባት መብለጣቸው ደስ ብሏቸው።

እህቴ መደቡ ላይ ተደላደለች። «የእኛ ሰማንያ አንድ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ከመጡ ጀምሮ መጀመሪያ ጊዜ ባንድ ወገን ሲቆሙ አየኋቸው። «እማሆይ» አሉ ወንጌላዊው በትሕትና፣ «ሁሉንም አንብበዋቸዋል?»

«ማንበብ ለምኔ? ያሉበትን አውቃለሁ» አለች። «እናንተ ግን ሳይሞላላችሁ ነው የምትጣሉት። ጎደሎ ይዞ ክርክር።»

አባ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሲስቁ ጃኬታቸው ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል። ወንጌላዊውም ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ ቀልድ መናገሯን አላወቀችም፤ ያ ደግሞ እኔን ይበልጥ በሳቅ ጨረሰኝ። ግድግዳውን ይዤ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ እሷ ራሷ ጠያቂ ሆነች። «ለምንድን ነው እሳቸውን አባ የማይሏቸው? ከመጣችሁ ጀምሮ አንተ፣ አንተ ሲሉ ነው የሰማሁ» አለች ወንጌላዊውን።

«መጽሐፉ አልፈቀደልኝም።»

«የገዛ አባቱን ግን አባዬ ሲል ነው የኖረው» አሉ አባ። «ለሱ መጽሐፉ እኔ ላይ ሲደርስ ነው የሚከለክለው።»

ይህን ሁሉ ሲሉ ቆመው ነው። ፀሐይዋ ከበሩ ተነሥታ መደቡ ሥር ደርሳለች። የእኔ እግር እንኳ ደንዝዞ ነበር። የወንጌላዊው ግራ ጉልበት ከአውቶቡስ ጉዞው አብጦ ኖሮ፣ እየተናገሩ ክብደታቸውን ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። አባ ይህን አይተው አንድም ቃል ሳያቋርጡ፣ ስለ ጴጥሮስና ስለ ሮማው ሊቀ ጳጳስ የጀመሩትን እንደያዙ፣ በሰውዬው ግራ በኩል ዞረው ክንዳቸውን ሰጧቸው። ወንጌላዊውም ሊቀ ጳጳሱን እየነቀፉ ክንዱን ያዙ፤ ተደግፈውበት ቆሙ። ከጥቂት በኋላ አባ ከኪሳቸው ቅባት አወጡና፣ «ጠዋት አልተቀባህም አይደል? የነገርኩህን መች ትሰማለህ» ብለው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጴጥሮስ ተመለሱ።

እህቴ ያን ክንድ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየች። መቁጠሪያዋ ቆሟል።

«እናንተ ስንት ዘመን ነው እንዲህ የምትከራከሩት?» አለች።

«እህቴን ካገቡብን ጀምሮ ነው» አሉ አባ። «ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያኔ ገና ደቀ መዝሙር ነበርኩ።»

«አኩርፎ የቀረ የለም?»

ወንጌላዊው አሰቡ። «አንድ ፋሲካ እሱ ቀርቶ ነበር። እኔ ነኝ የሄድኩበት። ካልመጣ ከማን ጋር ልከራከር?»

እህቴ ቀስ ብላ ወደ ወንጌላዊው ጠቆመች። «አንቱ። አንድ ነገር ይመልሱልኝና ይብቃን። በሰውና በእግዜር መሀል ማንም አይቆምም ይላሉ። ሰው ራሱ ይቅረብ፣ ራሱ ይናገር ይላሉ።»

«እላለሁ እማሆይ።»

«ታዲያ በዚያ ባለ ግሬደርና በእኔ መሀል አንቱን ምን አቆመዎት? ራሱ መጥቶ አይናገርም? ከዚያ ሁሉ አገር የመጡት አማላጅ ሆነው አይደለም?»

አባ የያዙትን ክንድ ለቀው ግድግዳው ላይ ተደገፉ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት» ይላሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ይህን ስፈልግ...» መጨረስ አቃታቸው።

ወንጌላዊው ግን እንዲህ በዋዛ የሚወድቁ ሰው አይደሉም። ጢማቸውን ዳሰሱ። «ተረታሁ እማሆይ። ግን እሱም አይሳቅ። ራሱ የነገረኝ ነው፤ በእነሱ ሥርዓት ምሥጢረ ተክሊልን የሚፈጽሙት ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸው። ካህኑ ቆሞ ያያል። ዋሸሁ?»

የአባ ሳቅ ቀስ እያለ ቆመ። «አልዋሸህም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ቆሞ ብቻ?» አለች እህቴ።

«ምስክር ሆኖ ነው እማሆይ። ይባርካል። ቃሉን የሚሰጣጡት ግን እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያማ» አለች፣ «የእሳቸው መጽሐፍም የአንቱም ክህነት እዚህ ላይ አንድ ነገር ነው ያላችሁት። ልጅቱ ትናገር ነው።» ወደ መጋረጃው ዞረች። «ነይ ውጪ። ተደብቀሽ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ።»

በእኛ ወግ ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእህቴ አፍ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል። ልጄ ወጣች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ዓይኗ በሳቅ ቀልቷል። ሁሉንም አየች፤ መጨረሻ ላይ የወንጌላዊውን ጉልበት አየች።

«እማሆይ» አለች፣ «እግራቸው አብጧል። ያስቀምጧቸው።»

ያን ቃል ያለችው አውቃ ነው። ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ከወላይታ የመጡት እንኳ ከልጁ ተምረው መጥተዋል። ወንጌላዊው ዘንጋቸውን ጨበጡ። አባ ቆባቸውን አወለቁ። 

እህቴ ተነሣች። ከግድግዳው ሥር ሄዳ የደረበቻቸውን ዱካዎች አንድ በአንድ አወረደች። አንዱን በነጠላዋ ጠርጋ ለወንጌላዊው አቀረበች፤ ሌላውን ለአባ። «ልጄን የሚከራከር ቤት ውስጥ ማስገባቴ ነው» አለች። «ስለ ሥርዓቱ ገና ከእኔ ጋር ብዙ ነገር አለባችሁ፤ የነፍስ አባታችንም አሉ፣ እሳቸው እንደ እኔ አይምሯችሁም። ለዛሬው ግን ተቀመጡ። ተባርካለች።»

ልጄ እግሯ ላይ ወደቀች። እህቴ ራሷን ያዘቻትና ብዙ ነገር በለሆሳስ አለች፤ ያን አልሰማሁትም፣ የእነሱ ነው።

ወንጌላዊው ጉልበታቸውን ዘርግተው «ጌታ ይመስገን» አሉ። ምግቡ ቀርቦ ማን ይባርክ የሚለው ሲነሣ ሁለቱ እንደገና ጀመሩ፤ እህቴ ደግሞ የሦስቱም ተራ እስኪደርስ ወጡ ይቀዘቅዛል ብላ መሶቡን ራሷ ከፈተችው። እኔ ግን አልቆየሁም። ልጁ በወጉ መሠረት ከቤት ርቆ መንገዱ ዳር ግሬደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና ልነግረው ወጣሁ።

አቀበቱን ስወጣ ሳቄ መጣ። ክርክሩ፣ ስድሳ ስድስቱ፣ ሰባ ሦስቱ፣ ይፍቱኝ ያልኳቸው ሰውዬ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። መሀል መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጋቢዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። ልጁ ከላይ ሆኖ አየኝ። ያለቀስኩ መስሎት ከግሬደሩ ዘሎ እየሮጠ ወረደ። ፊቱ አመድ ሆኗል።

«አባባ፣ ምነው? እምቢ አሉ?»

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እሺ አሉ?»

አዎ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ቃል አልወጣ አለኝ።

«ታዲያ ምን ሆነው ነው? አጎቶቼ ምን ብለው ጠየቁ?»

ጋቢዬን ከአፌ ላይ አነሣሁ። «አልጠየቁም» አልኩት። «እግዜር ያሳይህ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው አንድ ጊዜም አልጠየቁም። ክርክሩ አስረስቷቸው። ይልቅ ግባና አንተ ጠይቅ፤ መልሱ ተሰጥቷል።»